የተመታ እግር ዕረፍት ይሻል፤ ፍልውሃው ግን ይቆይ

የቤት እመቤትም ትሁን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ አንዲት እናት ከማለዳ እስከ ምሽት የምትውለው ቆማ ነው። ውሃ ሲመጣ ጀሪካን መሙላቱ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረሱ፣ ገበያ ወርዶ መመለሱ፣ ጋግሮና ወጥ ሠርቶ ቤተሰብ ማብላቱ ሁሉ እግር ይፈልጋል። ይሁንና እግራችን እስኪታመም ድረስ ትዝ አይለንም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ቆዳው ሳይቀደድ ውስጥ ለውስጥ ተጎድቶ ስላበጠና ደም ስለቋጠረ እግር ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቦታው አምቦ፣ ቀኑም የገበያ ቀን ነው እንበል። አንዲት እናት ከወፍጮ ቤት የመጣውን ዱቄት ከጋሪ ላይ ስታስወርድ ጆንያው ያመልጥና ነጠላ ጫማ ባደረገው እግሯ ላይ ያርፋል። ሕመሙ ላብ ያስመጣል። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ «እትዬ፣ አይዞሽ፤ አሁኑኑ ወጌሻ ይጠራልሽ» ትላለች። ሁለተኛዋ «ቅቤ ተቀብታ ደህና አድርጋ ትታሽ» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «ፍልውሃው አፍንጫችን ሥር ሆኖ ምን ያስጨንቃል? ወርዳ ትንከረው» ትላለች። ሁሉም የሚናገሩት ከደግነት ነው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የሚወሰደው እርምጃ በሁለት ሳምንት የሚድነውን ጉዳት ወር ከመንፈቅ ሊያደርሰው፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል።

ውስጥ ለውስጥ ምን ይሆናል?

እግር በከባድ ነገር ሲመታ ቆዳው ቢተርፍም ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ከእነርሱም የሚወጣው ደም በሥጋው መካከል ይጠራቀማል። እግሩ የሚያብጠው፣ የሚጠቁረውና ሲነኩት የሚያመው ለዚህ ነው። የተበጠሱት ሥሮች ጫፋቸው እስኪረጋና እስኪደፈን ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ይህም ጊዜ ባብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ እግሩን በኃይል ማሸት መደፈን የጀመረውን ሥር እንደገና መክፈት ነው። በትኩስ ውሃ መንከርም የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ወደ ጉዳቱ የሚፈሰውን ደም ይጨምራል፤ እብጠቱም ይብሳል። በማግሥቱ «ታሽቼ ነበር፤ ጭራሽ ባሰብኝ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቋጠረው ደም ቀስ በቀስ ቀለሙን ይለውጣል። መጀመሪያ ቀላ ወይም ጠቆር ይላል፤ ቀጥሎ ወደ ሰማያዊነት፣ ከዚያም ወደ አረንጓዴና ቢጫ ይሄዳል። በጠይም ቆዳ ላይ ይህ ለውጥ በግልጽ ላይታይ ስለሚችል ከቀለሙ ይልቅ እብጠቱንና ሕመሙን መከታተል ይሻላል። እግሩ ላይኛው ገጽ ላይ ተመትቶ በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ሥር ቢጠቁር አያስደንግጥዎ፤ ደሙ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ወደ ታች ስለወረደ ነው። ቀላል ጉዳት በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ከበድ ያለው ግን ሦስትና አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

አምቦና ውሃዋ

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ስሟ ከውሃዋ ጋር የተሳሰረ ከተማ ናት። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። የማዕድን ውሃዋ ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በመላ ሀገሪቱ ይጠጣል። ከምድር ሞቆ የሚፈልቀው ውሃዋም ከቅርብም ከሩቅም ሰው ይስባል። ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከጌዶ የሚመጣ ሰው ደክሞት ወይም ጀርባውን አሞት ሲታጠብበት የሚሰማው ዕረፍት የታወቀ ነው። ሞቃት ውሃ የደረቀ ጡንቻን ያፍታታል፤ የቆየ የመገጣጠሚያ ሕመምንም ያስታግሣል።

ስለዚህ ፍልውሃውን የሚያጣጥል ነገር አልጻፍንም። የምንለው ጊዜው ይጠበቅ ነው። ዛሬ የተመታ እግር ዛሬ ፍልውሃ አይገባም። ቢያንስ ሁለት ቀን፣ እብጠቱ ገና እየጨመረ ከሆነም ከዚያ በላይ ይቆይ። ቆዳው የተቀደደ እንደሆነ ደግሞ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ብዙ ሰው በሚታጠብበት ገንዳ መግባት አይገባም፤ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላልና። በዚያው በሰፈራችን ያለ፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚስማማ ሌላ መድኃኒት ግን አለ፤ እርሱም ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

1ኛ/ እግርዎን ያሳርፉ። ጫማዎን፣ የጣት ቀለበት ወይም አልቦ ካለዎትም እርሱን እብጠቱ ሳይጠነክር ያውልቁ። «ስሄድበት ይላቀቃል» ብሎ ማነከስ ጉዳቱን ያራዝመዋል። መራመድ ግድ ሲሆን ምርኩዝ ይያዙ።

2ኛ/ ያቀዝቅዙት። በረዶ ካለ በፎጣ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያኑሩበት። ከዚያ አንሥተው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቆይተው ይድገሙት። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይቀመጥም፤ ያቃጥላል። ማቀዝቀዣ ከሌለዎት ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከሩ መቀያየር ይበቃል። ከማቀዝቀዣ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ እግር ላይ ማሳረፍም ደህና ዘዴ ነው። እዚህ ላይ የሚያሽለው ቅዝቃዜው እንጂ ማዕድኑ አይደለም።

3ኛ/ ከፍ ያድርጉት። ጋደም ብለው ከእግርዎ ሥር ትራስ ደርቡበትና እግርዎ ከልብዎ ከፍ ይበል። በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግርን ማንጠልጠል ዕረፍት አይደለም፤ ደሙ ወደ ታች ይወርዳልና። ቡና ማፍላት ግድ ከሆነም ልጅ ትቁላው፤ እርስዎ እግርዎን ዘርግተው ያጫውቱ።

4ኛ/ በልኩ ይሰሩት። የሚለጠጥ ፋሻ ካገኙ ከጣቶችዎ ሥር ጀምረው ወደ ቁርጭምጭሚት አቅጣጫ ይጠቅልሉ። የጣቶቹ ጫፍ እንዲታይ ይተዉት። ፋሻው ሥር አንድ ጣት በቀላሉ መግባት አለበት። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ጫን አድርገው ሲለቁት ነጣ ብሎ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ መልኩ ካልተመለሰ ወይም ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወዲያውኑ ይፍቱት። ሲተኙም ይፍቱት።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው የ500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ለልጅ መጠኑ የሚወሰነው በክብደቱ ስለሆነ የጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ አስፒሪን ግን ለልጅ አይሰጥም። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ጨጓራዋን ወይም ኩላሊቷን የሚያማት እናት ዳይክሎፊናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰድ። ፌጦ፣ ሎሚና ነጭ ጋዝ የመሳሰሉትን መቀባት ቆዳውን ከማቃጠል በቀር ከውስጥ ያለውን ደም አያወጣም።

የጥፍር ነገርም አለ። ከጥፍር ሥር ደም ሲቋጠር ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል። በዚህ ጊዜ መርፌ አግሎ ጥፍሩን ቤት ውስጥ መብሳት አደገኛ ነው። ጤና ጣቢያ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ቢደርሱ ባለሙያው በንጹሕ መሣሪያ ደሙን አውጥቶ ያሳርፍዎታል። ጥፍሩ ቢወልቅም አይዘኑ፤ ይበቅላል። የአውራ ጣት ጥፍር ግን ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል።

የጠበቀ እስር እግር ያሳጣል

ወጌሻ በሀገራችን ትልቅ ስፍራ ያለው ሰው ነው። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የተሰበረውን ሲጠግን፣ የወለቀውን ሲመልስ ኖሯል። ዛሬም በሩቅ የገጠር ቀበሌ ላለ ሰው ቀድሞ የሚደርስለት እርሱ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ሳይሸሸግ መነገር አለበት። እግርን በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል። እብጠቱ ሲጨምር እስሩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ሥጋው ደም አጥቶ ይሞታል። በሀገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ መጀመሪያ የነበረባቸው ጉዳት ቀላል ስብራት ወይም ወለምታ ብቻ የነበረ አለ።

የሚያሳዝነው፣ ልጁ «አመመኝ፣ ፍቱልኝ» እያለ ሲያለቅስ «ቻለው፤ የሚድን ነገር ያማል» የሚባለው ነው። ይህ ስህተት ነው። ከታሰረ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ዋነኛው የአደጋ ምልክት ነው። ልጁ ዝም ሲልም ድኖ ላይሆን ይችላል፤ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። እስሩን ያስሩት ማንም ይሁኑ፣ ጣቶቹ ቀዝቅዘው ወይም ጠቁረው ሲያዩ ፈትተው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። የሚቆጠረው በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው። በ1997 ዓ.ም. የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ሐኪም ጽሑፍ ለወጌሾች በተሰጠ አጭር ትምህርት ይህ ጉዳት እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ወጌሻውን መውቀስ ሳይሆን አብሮ መነጋገር ይበጃል። «አባባ፣ እሰሩልኝ፤ ግን ጣቱ ይታይ፣ እስሩም አይጥበቅ» ማለት ነውር የለበትም።

ሐኪም ዘንድ መቼ ይኬዳል?

እግሩ ተሰብሮ እንደሆነና እንዳልሆነ ከውጭ በማየት ብቻ ለማወቅ ያስቸግራል። በካናዳ አገር በኦታዋ ከተማ የሚገኙ ሐኪሞች በ1980ዎቹ ዓ.ም. ያወጡት ቀላል መመሪያ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ከእርሱም ውስጥ እናት ቤት ውስጥ ልታየው የምትችለው ይህ ነው፦ የተጎዳው ሰው እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መሄድ ካልቻለ ራጅ መነሣት አለበት። እንዲሁም ከትንሿ ጣት መስመር በእግሩ የውጭ ጠርዝ መካከል ላይ ያለው አጥንት፣ ወይም በውስጠኛው ጎን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ያለው አጥንት፣ ወይም የሁለቱ የቁርጭምጭሚት አጥንቶች የኋላ ጠርዝና ጫፍ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል። ሕፃን ልጅ ግን ሕመሙን በትክክል ስለማይናገር፣ እግሩን መርገጥ እንቢ ካለ ሳይጠበቅ ይወሰድ።

ከዚህ ሌላ፣ እግሩ ቅርጹ ከተለወጠ፣ ወይም ሕመሙ ማስታገሻ ተወስዶ በየሰዓቱ ከጨመረ፣ ወይም እግሩ እንደ እንጨት ከጠጠረና ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። ትኩሳት ከመጣ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም መግል ከታየም አይዘገይም። ቆዳው ተቀድዶ አፈር ወይም የከብትና የፈረስ ፋንድያ የነካው እንደሆነ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጤና ጣቢያ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጋሪ በሚበዛባቸው ከተሞቻችን ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ቀላል መስሎ በሚታይ ምት እንኳ መታየት አለባቸው። አንደኛው የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ነው። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ አጥንት ተሰብሮ እንኳ ብዙም ላያም ይችላል፤ «አላመመኝም» የሚለው ቃል በእርሱ ዘንድ ዋስትና አይሆንም። ይህ ሰው የተነከረበት ውሃ ቢያቃጥለውም ስለማይሰማው ሙቅ ውሃ በክርን ሳይለካ አይጠቀም። ሁለተኛው በልብ ሕመም ምክንያት ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው፤ ደሙ ቶሎ ስለማይረጋ ብዙ ሊፈስበት ይችላል።

በአምቦ ከተማ አጠቃላይ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል አሉ። በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ደግሞ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ካስፈለገም ሪፈር አጽፎ ወደ ሆስፒታል መሻገር ነው።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ

እብጠቱ መጨመሩን ሲያቆም የማገገሙ ጊዜ ይጀምራል። አሁን ለብ ያለ ውሃ ይፈቀዳል። ፍልውሃም ቢሆን ቆዳው ደህና ከሆነ፣ ውሃው ካላቃጠለ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቢቆዩበት አይጎዳም፤ እግሩን ማንቀሳቀስም ያቀልልዎታል። ከዚያ ሲወጡ እንደገና ካበጠ ግን ገና ነውና ጥቂት ቀን ይጨምሩ።

ቁጭ ብለው የእግርዎን ጣቶች ዘርጋና ጠቅለል ያድርጉ። ቁርጭምጭሚትዎን በቀስታ ያዙሩ። በአውራ ጣትዎ አየር ላይ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ቢጽፉ ሁሉም መገጣጠሚያ ይንቀሳቀሳል፤ ልጆችም አብረው ይጽፋሉ። መሬት ላይ የተዘረጋ ጨርቅ በጣት እየሰበሰቡ ማንሣትም ይጠቅማል። በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ተደግፈው በጣቶችዎ ቆመው ቀስ ብለው ተረከዝዎን ያውርዱ። ትንሽ መወጠር ይጠበቃል፤ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ያቁሙ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም መሻሻል ከሌለ፣ ያልታየ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ተመልሰው ይመርመሩ።

ሥራውስ ማን ይሥራው?

አንባቢያችን እስከዚህ ድረስ አንብበው «ሁለት ቀን የምተኛው በማን ቤት?» ሳይሉ አይቀሩም። እውነት ነው፤ የእናት ዕረፍት የሚገኘው ሌላው ሲሠራላት ነው። ባል ውሃ ቢቀዳ፣ ወንድ ልጅ ሽንኩርት ቢከትፍ፣ ጎረቤት እንጀራ ብታውስ ማንም አያንስም። ሁለት ቀን የነፈግናት እናት በኋላ ሁለት ወር ስታነክስ ማየት ለቤተሰቡም ኪሳራ ነው።

በፋብሪካ፣ በአበባ እርሻ ወይም በሆቴል ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶችም መብታቸውን ይወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ስታቀርብ የሕመም ፈቃድ ታገኛለች፤ የመጀመሪያው አንድ ወርም ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ኃላፊነት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነው» ብለው ሳይንቁ በዚያው ዕለት ለአለቃዎ ይንገሩ፤ በጽሑፍም ያስመዝግቡ። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት የራሳቸው አዋጅ አላቸው።

አንድ ነገር እንጨምር። በቤታችን የምትሠራው ልጅም እግር አላት። የእርሷ እግር ሲመታ ዕረፍቱን የሚሰጣት በቤቱ ያለችው እመቤት ናት። ለራሳችን የምንሻውን ለእርሷም ማድረግ ይገባናል።

ሳይመታ የሚያብጥ እግር

በመጨረሻ፣ ሳይመታ የሚያብጥ እግር ሲገጥምዎ በወጌሻም በፍልውሃም ጊዜ አያጥፉ። በድንገት አንድ ባት ብቻ ሲያብጥና ሲያም የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ነፍሰ ጡር ሴት እግሯ ብቻ ሳይሆን ፊቷና እጇም ሲያብጥ፣ ራስ ምታት ሲጨመርበት የደም ግፊቷ ይለካ።

ከጣቶቹ ጀምሮ ቀስ እያለ ዓመት ለዓመት የሚያብጠው እግር ደግሞ ዝሆኔ ሊሆን ይችላል። በደጋማው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ እርግማንም፣ ተላላፊም አይደለም። ከአፈሩ ጋር ያለውን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በሰፊው መርምረውታል። በምዕራብ ሸዋ በሚዳቀኝ ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናትም በሽታው በአካባቢው በብዛት እንደሚገኝ አሳይቷል። መከላከያው እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብና ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ ነው።

ጫማ ከምትም ያድናል። ጋሪ ሲጫን፣ ጆንያ ሲወርድ፣ እንጨት ሲፈለጥ ነጠላ ጫማ አውልቆ ፊቱ የተሸፈነ ጫማ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሁላችንም እንናገራለን፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ዳግም ማሸነፉን ግን እንዘነጋለን። ለልጆቻችን ሁለቱንም እንንገራቸው።

እንግዲህ እግር ሲመታ ይህን ያስታውሱ፦ ማሳረፍ፣ ማቀዝቀዝ፣ ከፍ ማድረግ፣ በልኩ ማሰር፤ አለማሸት፣ አለማሞቅ፣ አለማጥበቅ። ፍልውሃው የትም አይሄድም፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቢወርዱም ይጠብቅዎታል።